ሬጉሌተር ከመግዛታችሁ በፊት ማን እንደሚጠግነው ጠይቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ጠላቂዎች መሣሪያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። «ሬጉሌተር ላይ አትሰስቱ፣ ውዱን ግዙ» የሚለው ምክር ግን አልተዋጠልኝም። ሬጉሌተር ማለት ጠላቂው ከተሸከመው ሲሊንደር አየር የሚስብበት መሣሪያ ነው። እኔ ሬጉሌተር ፈትቼ የምጠግን ሰው ነኝ። ተበላሽተው ከሚመጡልኝ ውስጥ ውዶቹ ጥቂት አይደሉም።

የሞላ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት 200 ባር ገደማ ነው። ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረው የመጀመሪያው ክፍል ይህን ከአካባቢው ግፊት በላይ ወደ 10 ባር ገደማ ያወርደዋል። አፍ ላይ የሚያዘው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ጠላቂው ካለበት ጥልቀት ጋር ያስተካክለዋል። ርካሹም ውዱም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ጨምረን የምንከፍለው ለምንድን ነው? እኔን ብትጠይቁኝ «ባላንስድ» ለሚባለው ዓይነት ነው። ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲሄድ እንኳ አየሩ አይከብድም። ከ10 ዲግሪ በታች በቀዘቀዘ ውኃ የሚጠልቅ ሰው ደግሞ የታሸገ ዲያፍራም፣ ማለትም ውኃ እንዳይገባበት የተዘጋ ስስ ተጣጣፊ ሽፋን፣ ያለውን ይውሰድ። አየር ግፊቱ ሲወርድ በኃይል ይቀዘቅዛል። ውኃ ወደ ሬጉሌተሩ ውስጥ ገብቶ ከሆነ በረዶ ይሠራና ቫልቩን ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ አየሩ ዝም ብሎ ይንዶለዶላል፤ ሲሊንደሩም ባዶ ይሆናል። ሞቃት ባሕር ውስጥ ብቻ ለሚጠልቅ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ ነው። ተራው ፒስተን፣ ማለትም በዲያፍራም ፈንታ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት ብረት ያለው፣ ይበቃዋል፤ ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ለእኛም ይቀለናል።

በቅርቡ አንድ ወጣት አዲስ የሚመስል፣ ከውዶቹ አንዱን አመጣልኝ። «አየር አልስብ አለኝ» አለ። ፈታሁት። አየር መግቢያው ላይ ያለችው ትንሽ ማጣሪያ አረንጓዴ ሆናለች። ከውስጥ ጨው ነጭ ሆኖ ደርቋል። ለካ ክዳኑን ሳይገጥም ውኃ ውስጥ እየዘፈዘፈ ያጥበው ነበር። ያም ይታጠባል፣ ይስተካከላል፤ ችግሩ መለዋወጫው ነበር። የዚያን ሞዴል ኦ-ሪንግ፣ ማለትም አየር እንዳያመልጥ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት፣ እና የቫልቭ መቀመጫ ከየት ላምጣለት? እስኪገኝ ድረስ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ነው?» ሳይሆን «ይህን ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫውስ ይገኛል?» ብላችሁ ይሁን። አምራቾች በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይፈተሽ ይላሉ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የጥገናውን ወጪ ዋጋው ላይ ደምሩት። ሻጩ «ምንም አይልም» ቢላችሁ አትመኑት። ኦክቶፐሱም፣ ማለትም ለጓደኛ የሚሰጠው ተጨማሪው፣ አብሮ ይፈተሽ፤ ብዙ ሰው እሱን ይረሳዋል።

ከዚያ አፋችሁ ውስጥ አድርጋችሁ ሞክሩት። ከከበደ መንጋጋ ያደክማል። የአፍ መያዣው ጎማ ካልተመቻችሁ ግን እሱ በቀላሉ ይቀየራል፤ ለእሱ ብላችሁ ጥሩ ዕቃ አትተዉ። ሲሊንደሩን ሳትከፍቱ ሳቡት፤ ምንም አየር መግባት የለበትም። ከገባ የሆነ ቦታ ተቀድዷል ወይም ላልቷል ማለት ነው። ስትከፍቱት ደግሞ እየተነፈሳችሁ የግፊት መለኪያውን እዩ። መርፌው በሳባችሁ ቁጥር ወደ ታች የሚል ከሆነ ወይ ቫልቩ በደንብ አልተከፈተም፣ ወይ ያቺ ማጣሪያ ተደፍናለች።

በሚቀጥለው ጊዜ ስለ መሣሪያ ስትጽፉ ስለ ጥገናም አንድ ዓምድ ብትሰጡን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሬጉሌተር ጠጋኝ