ደብዳቤ ለልጄ፦ ከከተማው በፊት መኪና ማቆሚያውን ፈልጊ

ልጄ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። የላክሽልኝን የጣሊያን ጉዞ ዝርዝር አየሁት። በ7 ሌሊት 13 ከተማ አስገብተሻል፤ ግማሹን ሰርዢው። ካርታ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፣ ከፒየንዛ ሞንቴፑልቻኖ 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጊዜውን የሚበላው ግን ርቀቱ አይደለም። በየከተማው ማቆሚያ መፈለግ፣ መክፈል፣ ዳገቱን መውጣት፣ ተመልሶ መውረድ አለ፤ ይህ ብቻውን ሰዓት ያልፋል። መንገዱም ጠመዝማዛ ስለሆነ ስልክሽ 40 ደቂቃ ካለሽ 1 ሰዓት ያዢለት። በቀን ሁለት ከተማ ይበቃል።

ማደሪያ በየቀኑ አትቀያይሩ። 3 ሌሊት ቶስካና ውስጥ ፒየንዛ ወይም ሞንቴፑልቻኖ አካባቢ፣ 3 ሌሊት ኡምብሪያ ውስጥ ስፔሎ አካባቢ፣ የመጨረሻዋን ሌሊት ኦርቪየቶ አድርጉት። ሳን ጂሚኛኖንና ቮልቴራን ተዉአቸው። ሳን ጂሚኛኖ 14 የቆዩ ግንቦቿ ያምራሉ፣ ግን ከፒየንዛ ደርሶ መልስ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ወሩን በደንብ መርጠሻል። ነሐሴ ቢሆን ሙቀቱ፣ የጣሊያኖቹ የነሐሴ አጋማሽ በዓልና የሲየና የፈረስ እሽቅድምድም (ነሐሴ 16 በፈረንጆች) ተደራርበው አልጋ አይገኝም ነበር፤ ለእናንተ ደግሞ ፍልሰታ ነው።

ወረቀቱን አሁኑኑ ጨርሺ። የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድሽ ብቻውን አይበቃም፤ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አብሮት መያዝ አለበት። ትሪፕል ኤ (የአሜሪካ የመኪና ነጂዎች ማኅበር) ቢሮ ሁለት የፓስፖርት ፎቶ ይዘሽ ሂጂ፤ ለ1 ዓመት ያገለግላል። ጣሊያን ውስጥ አይወጣልሽም። አንዳንዱ አከራይ ሳይጠይቅሽ ቁልፉን ይሰጥሽ ይሆናል፤ መንገድ ላይ ፖሊስ ሲያስቆምሽ ግን የሚቀጣው አንቺን ነው። ባለቤትሽም የሚነዳ ከሆነ ስሙ ውሉ ላይ ይግባ፤ አለዚያ እሱ ይዞት ሳለ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አይሠራም። ለመያዣ የሚቀርበው ክሬዲት ካርድ በዋናው ነጂ ስም መሆን አለበት።

መኪናው ትንሽ ይሁን፣ የፊያት ፓንዳ መጠን ያለው። ጎዳናዎቹ የተሠሩት ለበቅሎ ነው፤ ሰፊ መኪና ስፖኪዮውን አጥፎም አያልፍም። እዚያ የተለመደው ማንዋል ስለሆነ አውቶማቲክ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ያዙ፤ ጥቂት ነው፣ ይወደዳልም። ሁለት መካከለኛ ሻንጣ ካላችሁ የኋላው ኮፈን ከበቂ በታች ነው፤ ለስላሳ ቦርሳ ያዙ። ፍሎረንስን በእግር ጨርሳችሁ በምትወጡበት ጠዋት፣ ቲ 2 ትራም ይዛችሁ አየር ማረፊያው ሄዳችሁ ተረከቡት። መሀል ከተማ ካለ ቢሮ ከወሰዳችሁት ጉዞውን የምትጀምሩት በካሜራ መካከል ነው።

ስለ ካሜራው ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ። የጣሊያን ታሪካዊ ከተሞች ለነዋሪና ፈቃድ ላለው ብቻ የተከለለ የመኪና ቀጠና አላቸው። ምልክቱ ቀይ ቀለበት ያለው ነጭ ክብ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ዜድ፣ ቲ፣ ኤል የሚሉ ሦስት ፊደላት አብረውት ይጻፋሉ። አጠገቡ የሚበራ ሰሌዳ ካለ «ቫርኮ አቲቮ» ማለት ካሜራው እየሠራ ነው፣ አትግቢ ማለት ነው፤ «ቫርኮ ኖን አቲቮ» ሲል ይቻላል። ብዙ እንግዳ «አቲቮ»ን ክፍት ነው ብሎ ይገባል። ዘበኛ የለም፣ የሚያግድ ብረት የለም፤ ካሜራው ታርጋሽን ያነሳና ዝም ይላል። አከራዩ ስምሽን ለማዘጋጃ ቤቱ ስላሳወቀ ብቻ ከካርድሽ የአገልግሎት ክፍያ ይቆርጣል። ቅጣቱ ይህ እንዳይመስልሽ፤ እሱ ከወራት በኋላ በሪኮማንዴ ቤትሽ ድረስ ይመጣል። በደረሰሽ በ5 ቀን ውስጥ ከከፈልሽ 30 በመቶ ይቀነስልሻል። ተሳስተሽ ገብተሽ መውጫ ፍለጋ ስትዞሪ ሌላ ካሜራ ካለፍሽ ሌላ ቅጣት ነው፤ ስለዚህ ከፊትሽ ምልክቱን ስታዪ ፍሬን ይዘሽ ቁሚ፣ ከኋላ ጡሩምባ ቢነፋም ዙሪ።

ስልኩን የምታምኚው በልክ ነው። «ሲየና» ብለሽ ከጻፍሽለት መሀል ከተማ ሊከትሽ ይሞክራል። የከተማውን ወይም የሆቴሉን ስም ሳይሆን የመኪና ማቆሚያውን ስም ስጪው። ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ ዋና፣ አንድ ተለዋጭ ማቆሚያ ቤት ሆነሽ መዝግቢ። ዕቅድሽ ከዚህ ይጀምር፤ የሚታየው ነገር ዝርዝር ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ሲየና ላይ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው የገበያ ማዕከል ረጅም ተንቀሳቃሽ ደረጃ ተነስቶ ወደ ካሞሊያ በር አቅራቢያ ያወጣል። ሳንታ ካተሪና የሚባለው ማቆሚያ ለካቴድራሉ ይቀርባል፣ እሱም ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለው። ሞንቴፑልቻኖ ፖርታ አል ፕራቶ ከሚባለው በር ውጪ አቁሙ፤ ዋናው መንገድ እስከ ላይኛው አደባባይ ድረስ ዳገት ነው፣ ጉልበት ለሚያመው ትንሽ አውቶቡስ አለ። ኮርቶና ስፒሪቶ ሳንቶ የሚለውን ፈልጊ፤ ደረጃው ጋሪባልዲ አደባባይ ያደርሳል። ፔሩጃ ላይ ከሩቅ የሚያመላልስ ሚኒሜትሮ የሚባል ባቡር አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ፓርቲጃኒ አደባባይን እመርጥልሻለሁ። ተንቀሳቃሽ ደረጃው ጳጳስ ጳውሎስ 3ኛ በ1540ዎቹ ባሠራው ምሽግ ሆድ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ምሽጉ ሲሠራ የተቀበሩትን የመካከለኛው ዘመን ቤቶችና ጎዳናዎች መሬት ሥር ታያላችሁ። አሲሲ ላይ ማቴዮቲ አደባባይ ያለው ማቆሚያ ከላይኛው ጫፍ ስለሆነ ቁልቁል እየጎበኛችሁ የቅዱስ ፍራንችስኮስ ባዚሊካ ትደርሳላችሁ፣ ስትመለሱ አውቶቡስ ያዙ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ አትርሺ። ኦርቪየቶ ካምፖ ዴላ ፊዬራ ማቆሚያ አለ፤ በአሳንሰርና በተንቀሳቃሽ ደረጃ ዓለቱን አልፎ ይወጣል። እዚያ የቅዱስ ፓትሪክን ጉድጓድ ውረዱ፤ 248 ደረጃ አለው፣ ውሃ ጫኝ በቅሎዎች እንዳይገናኙ ሲባል የሚወርደውና የሚወጣው መንገድ ተለያይቶ እንደ ጥንድ ጠመዝማዛ ተሠርቷል።

ማቆሚያ ላይ ነጭ መስመር ነጻ፣ ሰማያዊ የሚከፈልበት፣ ቢጫ ለነዋሪ ወይም ለአካል ጉዳተኛ ነው፤ ቢጫውን አትንኪ። ሰሌዳው ላይ የተጠላለፉ ሁለት መዶሻዎች የሥራ ቀን ማለት ናቸው፣ ቅዳሜን ጨምሮ። መስቀል ደግሞ እሑድና በዓል። የጎታች መኪና ሥዕልና የቀን ስም አብረው ካሉ የገበያ ቀን ወይም የጎዳና ጽዳት አለ። ማታ ባዶ ሆኖ ደስ ያሰኘሽ ሜዳ ጠዋት በድንኳን ይሞላል፣ መኪናሽም ተጎትቶ ይጠብቅሻል።

በከተማው ቅጥር ውስጥ ያለ ሆቴል ከያዛችሁ ካሜራው እንዳይቀጣችሁ ታርጋውን መኪናውን በተረከባችሁበት ሰዓት ላኩላቸው፣ «መዝግበናል» የሚል መልስ በጽሑፍ ተቀበሉ፣ በየትኛው በር እንደሚገባም ጠይቁ። ፈቃዱ ብዙውን ጊዜ ዕቃ ለማራገፍ ብቻ ነው። እኔ ብትሰሚኝ ግን ከቅጥር ውጪ ያለ አግሪቱሪዝሞ ይሻላል፤ እርሻ ቤት ነው፣ የራሱ ማቆሚያ አለው። መድረሻው ኮረት መንገድ እንደሆነ ጠይቂ፤ ብዙ የኪራይ ውል ጎማንና የመኪናውን ሆድ አይሸፍንም። ከመውጣታችሁ በፊት ስኮርታ ጎማ ይኑረው አይኑረው እዩ፤ ብዙው አዲስ መኪና ጎማ መጠገኛ ብቻ ነው ያለው።

ከፍሎረንስ በኤ 1 አውቶስትራዳ (የሚከፈልበት ፈጣን መንገድ) ወደ ሮም አቅጣጫ ወርዳችሁ ቫልዲኪያና መውጫ ላይ ውጡ። ስትገቡ ቲኬት ትወስዳላችሁ፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። ቲኬቱ ከጠፋ ከሩቁ በር እንደመጣችሁ ተቆጥሮ ነው የሚጠየቀው። መክፈያው ላይ ቢጫውን የቴሌፓስ መስመር (መኪናው ላይ በተገጠመ መሣሪያ ለሚከፍሉ ብቻ ነው) ትታችሁ የካርድ ወይም የገንዘብ ሥዕል ያለበትን ያዙ፤ ተሳስታችሁ ከገባችሁ ወደ ኋላ አትመለሱ፣ የእርዳታ ቁልፉን ተጫኑ። ፍጥነቱ አውቶስትራዳ ላይ 130 (ዝናብ ከሆነ 110)፣ በተራው የገጠር መንገድ 90፣ ከተማ ውስጥ 50 ነው። የመንደሩ ስም የተጻፈበት ነጭ ሰሌዳ ራሱ የ50 መጀመሪያ ነው፤ ቁጥር እስኪያሳዩሽ አትጠብቂ። ቀይ መብራት ላይ ወደ ቀኝ መታጠፍ እንደ አሜሪካ አይፈቀድም። ከከተማ ውጪ ቀንም መብራት ይበራል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ ረግጠሽ አትውረጂ፣ ይግላል፤ አውቶማቲኩንም ዝቅ ባለ ማርሽ ያዢው።

ነዳጅ ስትቀጂ ተጠንቀቂ፦ «ጋዞሊዮ» ናፍታ ነው። አሜሪካ «ጋዝ» የለመደ ሰው ቤንዚን መስሎት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቤንዚኑ «ቤንዚና» ነው። «ሰርቪቶ» የሚለው ፓምፕ ቀጂ ስላለው ይወደዳል። ሰው በሌለበት ማሽን ቀድመሽ ትከፍያለሽ፤ ካርድሽ ላይ ትልቅ ገንዘብ ለጊዜው ሊይዝ ይችላል፣ በኋላ ይለቀቃል። በወረቀት ገንዘብ ከከፈልሽ መልስ አይሰጥም። እሑድና ምሳ ሰዓት ገጠሩ ስለሚዘጋ ግማሽ ሲደርስ ሙዪ።

ምግብ ቤቱም ሰዓት አለው፤ ምሳ ከ12:30 እስከ 14:30 (የእነሱ አቆጣጠር)፣ እራት ከ19:30 በኋላ ነው። 15:00 ላይ ከደረሳችሁ ደረቅ ሳንድዊች ነው የሚጠብቃችሁ። ረቡዕና ዓርብ አትቸገሪም፦ ሪቦሊታ የባቄላ፣ የጎመንና የዳቦ ሾርባ ነው፤ ፒቺ አልአሊዮኔ ደግሞ በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም የሚሠራ ወፍራም ፓስታ ነው። ፒቺ ከዱቄትና ከውሃ ቢሆንም አንዳንዱ ቤት እንቁላል ያስገባበታልና «ሴንዛ ኡኦቮ፣ ሴንዛ ፎርማጆ» (ያለ እንቁላል፣ ያለ አይብ) በይ።

የመጨረሻው ጠዋት ቺቪታ ዲ ባኞሬጆን ማየት ከፈለጋችሁ ቱሪስት ሳይሞላ ድረሱ፤ በእግር ድልድይ ብቻ ነው የሚገባው፣ የመግቢያ ክፍያም አለ። ሻንጣ መኪና ውስጥ ስለሚሆን ከኦርቪየቶ ስትነሱ የኋላው ኮፈን ውስጥ ደብቁት፤ ቺቪታ ከደረሳችሁ በኋላ ከፍታችሁ አታስተካክሉ፣ ማቆሚያ ላይ የሚያይ አይጠፋም። ከዚያ በኤ 1 ወደ ፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ውረዱ። የሮም ቀለበት መንገድ ይጨናነቃልና ከበረራችሁ 5 ሰዓት በፊት ተነሱ። አየር ማረፊያው ሳትደርሱ ነዳጅ ሙሉ፣ ደረሰኙን ያዙ፤ አራቱንም ጎን፣ ጎማዎቹንና የነዳጅ መለኪያውን ፎቶ አንሱ። ስትረከቡም እንዲሁ አድርጉ። ፎቶዎቹን ቢያንስ አንድ ዓመት አታጥፊ።

አዲሱን ዝርዝር ከማቆሚያዎቹ ስም ጋር ላኪልኝ።

አባትሽ