ስለ ላውንድሪያችን አዲስ ዋጋና ስለ ማድረሻ ቀን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በዚህ ወር ብዙዎቻችሁ እንደተከፋችሁብን አውቃለሁ። ልብስ ጠዋት ሰጥቶ ማታ መውሰድ ቀርቷል። የሸሚዙም የሐበሻ ቀሚሱም ማሳጠቢያ ዋጋ ጨምሯል። ስላጉላላናችሁ ይቅርታ።

አንድ ነገር ግን ከውስጤ አልወጣ አለ። የቀድሞዎቹን የሱቁን ባለቤቶች አንስታችሁ «ኮሪያዎቹ እያሉ እንዲህ አልነበረም» ያላችሁኝ አላችሁ። እዚሁ ቤት ልብስ ተኳሽ ሆኜ ነው የጀመርኩት። ስለዚህ ያ ርካሽ ዋጋ ከየት ይመጣ እንደነበር ልንገራችሁ።

ባልና ሚስቱ እዚህ ቨርጂኒያ፣ ወደ አናንዴል የመጡት በ1980ዎቹ ነው። የ1965ቱ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በር ከከፈተ ወዲህ ብዙ ኮሪያውያን ይገቡ ነበር። አባትየው አገራቸው መምህር ነበሩ፤ እዚህ ግን ቋንቋው አላስተምር አላቸው። ባንክም አላበደራቸውም። ኮሪያውያን እንደኛው እቁብ ይጥላሉና፣ ዕጣው ሲደርሳቸው ይህን ላውንድሪ ገዙ።

ከዚያ በኋላ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። አባትየው ማሽኑ ላይ፣ እናትየው ስፌቱ ላይ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው ከባንኮኒው ጀርባ የቤት ሥራ ይሠራሉ። ደንበኛ ሲገባ እርሳሱን ጥለው ልብሱ ላይ ቁጥር ያስራሉ፣ ለእናታቸው ይተረጉማሉ። ከእሁድ በቀር ሱቁ አይዘጋም። እሁድማ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሸሚዛችሁ የረከሰው አንድ ቤተሰብ በሙሉ በነፃ ይሠራ ስለነበር ነው። ልጆቹ ተምረው የየራሳቸውን ሥራ ያዙ፤ ሱቁን የሚረከብ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ሲደክማቸው ከገቢው ቀስ እያልኩ እንድከፍል ለእኔ ሰጡኝ። ውለታቸውን አልረሳም። አባትየው የቹንቾን ሰው ናቸው፤ በኮሪያ ጦርነት የተዋጉት የቃኘው ዘማቾቻችን መታሰቢያ ያለበት ከተማ። ከየት እንደመጣሁ የሰሙ ቀን ተነስተው በሁለት እጃቸው ነው የጨበጡኝ።

አሁን ወደ ማሽኑ ልምጣ። አሮጌው የሚሠራው በውሃ ፈንታ ልብስ በሚያጸዳ ፐርክ በሚባል ኬሚካል ነበር። አባትየው ማጣሪያውን ባጸዱ ቁጥር ራሳቸውን ይዘው ደጅ ይቀመጡ ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኬሚካሉ ለካንሰር ሊዳርግ እንደሚችል በ2012 ተናግሯል። በዲሴምበር 2024 ደግሞ በ10 ዓመት ውስጥ ከላውንድሪዎች እንዲወጣ ደንብ አወጣ። አሥሩን ዓመት መጠበቅ እችል ነበር። ግን ልብስ የሚተኩሱልኝ እህቶች ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት እሱን ነው። እኔም ተንፍሼዋለሁ። አወጣሁትና በውሃ የሚያጥብ ማሽን በዕዳ ገዛሁ።

በውሃ የታጠበ ኮት ቅርጹን እንዲይዝ ተወጥሮ፣ በእጅ ተስተካክሎ ነው የሚተኮሰው። የሐበሻ ቀሚስማ ይብሳል። ጥለቱ ነጩ ላይ እንዳይለቅ መጀመሪያ ጠርዙን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እየነካን እንፈትሻለን። ቀለም ከሰጠ ለብቻው ይያዛል። ይህ ሁሉ ጊዜ ነው፣ የሰው ጉልበት ነው። ለሠራተኞቼ ደግሞ እከፍላለሁ፤ ልጆቼን ባንኮኒ ላይ አላሳድግም። ኪራዩም ጨምሯል።

ወደ ሌላ ቤት የሄዳችሁ ካላችሁ አልቀየማችሁም። ግን አንድ ቀሚስ አምጡና ሥራችንን እዩልኝ። ለሠርግና ለክርስትና የምትፈልጉትን ከሦስት ቀን በፊት አድርሱን። ለሐዘን ከሆነ ግን ንገሩኝ፤ የዚያኑ ቀን ራሴ ተኩሼ እሰጣችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የላውንድሪው ባለቤት