የቴምብር ክበብ፦ 77 ያልነው 177 ሆኖ ተገኘ

የአማርኛ ትምህርት ቤታችን የቴምብር ክበብ መስከረም ላይ በ9 ልጆች ተጀመረ። ሰኔ ላይ 14 ደርሰን ነበር። እነዚያ 9 ልጆች ለምን እንደመጡ አልደብቅም፤ ሀብታም ለመሆን ነው። ጥፋቱም የኔ ነው። በር ላይ በለጠፍኩት ማስታወቂያ የብሪቲሽ ጊያናዋን ቴምብር ታሪክ ጻፍኩ። በ1873 እዚያ የሚኖር የ12 ዓመት ልጅ ከቤተሰቡ አሮጌ ደብዳቤዎች መሃል አንዲት ቴምብር አገኘ። ለአንድ ሰብሳቢ በ6 ሽልንግ ሸጣት። ያቺው ቴምብር በ2014 ኒውዮርክ ውስጥ ሶዘቢስ በሚባለው ጨረታ ቤት 9.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣች። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ይህን አንብቦ የሚቀር ልጅ አለ?

ዕቃው ሳናስበው መጣልን። ከተማሪዎቻችን እናቶች አንዷ እዚሁ ለንደን ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ ይንከባከባሉ። አንድ እንግሊዛዊ አዛውንት ቤታቸውን ለቀው ልጃቸው ጋ ሊገቡ ሲሉ፣ ሁለት አልበምና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ «ለትምህርት ቤቱ ልጆች» ብለው ሰጧቸው። የአዛውንቱ ልጅም ስጦታ መሆኑን በደብዳቤ አረጋግጦልናል። «ከየት አመጣችሁት?» የሚለኝ ወላጅ ስለማይጠፋ ነው ይህን የምጽፈው።

ቆርቆሮው ሲከፈት የሲጋራና የአሮጌ ወረቀት ሽታ ወጣ። ውስጡ በአብዛኛው የንግሥት ቪክቶሪያ ቀይ ቴምብር ነው። ቆጥረን 612 ደረስን። ሁሉም ላይ አንዲት ሴት አለች፤ የአገር ስም ግን የለም። የመጀመሪያው ጥያቄም እሱ ነበር። «ቲቸር፣ የየት አገር ነው?» የሚለጠፍ የፖስታ ቴምብር የተጀመረው እንግሊዝ ውስጥ ስለሆነ፣ እስከ ዛሬ ቴምብራቸው ላይ የአገራቸውን ስም አይጽፉም። የንጉሡ ወይም የንግሥቲቱ ራስ ይበቃል። «ጉራ ነው» አለች አንዷ። ብዙም አልተከራከርኳትም።

ከ1840 በፊት እዚህ አገር የደብዳቤውን ሂሳብ የሚከፍለው በአብዛኛው ተቀባዩ ነበር። ዋጋው በርቀቱና በወረቀቱ ብዛት ይሰላል፤ ለድሃ የሚቀመስ አልነበረም። ታዲያ ብልጦቹ ዘዴ አበጁ። ከደብዳቤው ውጪ አንዲት ምልክት ያደርጋሉ። ተቀባዩ ምልክቷን ያይና «አልፈልግም» ብሎ ይመልሰዋል። መልእክቱ ደርሷል፤ ከኪስ የወጣ የለም። ይህን እየነገርኳቸው አንዱ ከወንበሩ ተነሳና «ሚስኮል ነዋ!» አለ። አዲስ አበባ ያሉ አያቱ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። አንዴ ከጠራ ደህና ነን ማለት ነው፣ ሁለቴ ከጠራ መልሳችሁ ደውሉ። ለአንድ ሰዓት ላስረዳ የተዘጋጀሁትን በሁለት ቃል ጨረሰልኝ።

ሮውላንድ ሂል የሚባሉት ሰው ያመጡት ሐሳብ ላኪው አስቀድሞ እንዲከፍል ነው። ደብዳቤው እስከ ግማሽ አውንስ ድረስ ከሆነ፣ በአገሩ ውስጥ የትም ይሂድ የትም፣ 1 ፔኒ። የከፈለበት ማስረጃ ደግሞ ጥቁሯ ቴምብር፣ ፔኒ ብላክ ናት። ሜይ 1 ቀን 1840 ለሽያጭ ወጣች፤ ሥራዋን የጀመረችው ግን ሜይ 6 ነው። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ 240 ቴምብር ይታተማል። ያኔ 1 ፓውንድ 240 ፔንስ ስለነበር ሙሉ ወረቀቱ ልክ 1 ፓውንድ ነው። ዳሯ ላይ ጥርስ የላትም፤ በመቀስ ነው የምትቆረጠው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ገንዘብ ታስከፍለናለች።

ፔኒ ብላክ 68 ሚሊዮን ገደማ መታተሟን የነገርኳቸው ቀን ክፍሉ ጸጥ አለ። ብዙ ሰው ደብዳቤውን ሳይጥል አስቀምጧል፤ ስለዚህ ዛሬም በየጨረታው ትገኛለች። አንደኛ መሆን ብቻውን ብርቅ አያደርግም።

የዓመቱ ትምህርታችን መስመር የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። ሳናቅደው የሌባና ፖሊስ ታሪክ ሆነ። ፖስታ ቤቱ ጥቁሯን ቴምብር በቀይ ቀለም ይመታታል። ሰዉ ቀዩን እያጠበ መልሶ መለጠፍ ይችላል ተባለ። በ1841 ነገሩ ተገለበጠ፤ ቴምብሩ ቀይ ሆነ፣ ማኅተሙ ጥቁር። የኛ 612 ቀያዮች ከዚያ የመጡ ናቸው። ከዚያ ደግሞ ማኅተም ያላረፈበትን ግማሽ ከሌላ ግማሽ ጋር ቀጥሎ የሚልክ ይኖራል ተብሎ ተፈራ። ቴምብሩ በወረቀቱ ላይ የነበረበትን ቦታ የሚያሳዩ ሁለት ፊደላት ከታች ማዕዘኖቹ ላይ ነበሩ፤ ከ1858 ጀምሮ በአራቱም ማዕዘን ገቡ፣ ከላይ ያሉት ቅደም ተከተላቸው ተገልብጦ። ሁለቱ ግማሾች ካልተጣጣሙ ሌባው ተያዘ። በ2022 የዚህ አገር ፖስታ ድርጅት፣ ሮያል ሜይል፣ መደበኛ ቴምብሮቹ ላይ ባርኮድ ሲያስገባም ነገሩ ያው ነው ብዬ አስባለሁ፤ አንዴ የሠራ ቴምብር ዳግመኛ እንዳይሠራ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ኅዳር ላይ ልጆቹ ቴምብር ከፖስታ ቁራጭ ላይ እንዴት እንደሚላቀቅ እንዲያዩ ብዬ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ለብ ያለ ውሃ አቀረብኩ። ቀያዮቹ ምንም አልሆኑም። ሙጫው ለቀቀ፣ በወረንጦ አንስተን ጋዜጣ ላይ ዘረጋናቸው። በዚያው ሞቅታ ከአልበሙ መጨረሻ ላይ ያገኘሁትን አንድ አረንጓዴ ባለ 9 ፔንስ ጨመርኩ። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ውሃው አረንጓዴ ሆነ» አለች። አቀርቅሬ ሳይ ቴምብሩ ገርጥቷል። ሳወጣው ቢጫ ቢጤ ሆኖ ቀረ።

ማታ ካታሎግ፣ የቴምብር ዓይነትና ዋጋ የሚዘረዝረውን መጽሐፍ፣ ሳገላብጥ ነው የገባኝ። በ1883 እና 1884 የወጡት ሐምራዊና አረንጓዴ ቴምብሮች ሆን ተብሎ ውሃ ሲነካቸው በሚለቅ ቀለም ነው የታተሙት። ማኅተሙን ላጥብ ያለ ሁሉ ቴምብሩንም አብሮ እንዲያጥበው። ሰብሳቢዎች ዛሬ በዚያ ተከታታይ የሚከፍሉት ለቀለሙ ነው፤ ጥሩ ቀለሙን የያዘ ባለ 9 ፔንስ፣ ያገለገለ ቢሆንም እንኳ፣ ካታሎግ ላይ በመቶዎች ፓውንድ ነው የተጻፈው። ከ140 ዓመት በፊት ለሌባ የተጠመደ ወጥመድ የያዘው እኔን ነው። ቴምብሩን በክበቡ ሰሌዳ ላይ ሰቀልኩት፤ ልጆቹም «የቲቸር» ብለው ስም አወጡለት። እስካሁን እዚያው አለ።

ጥር ላይ ሰባ ሰባትን ማደን ጀመርን። ከ1864 ወዲህ ባሉት ቀይ ፔኒዎች ግራና ቀኝ፣ በጌጡ መሃል፣ የማተሚያ ሰሌዳው ቁጥር በጣም በጥቃቅኑ ተቀርጿል። ከ71 እስከ 225 ይሄዳል። 77ኛው ሰሌዳ የጥርሱ ቀዳዳ ከሥዕሉ ጋር አልገጥም ስላለ ውድቅ ተደረገ፤ ጥቂቶች ግን አምልጠው ወጡ። ዛሬ በዓለም የሚታወቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ ብሪቲሽ ላይብረሪ፣ ታፕሊንግ በሚባለው የቴምብር ስብስብ ውስጥ ይገኛል። በ2012 አንዱ ከግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሽጧል። አጉሊ መነጽር ይዘው ለአምስት ቅዳሜ እንዳቀረቀሩ ቀሩ። የእረፍት ሰዓት ሲደወል የማይነሳ ተማሪ በ11 ዓመት የማስተማር ሥራዬ ያየሁት ያኔ ነው።

በአራተኛው ቅዳሜ ጩኸት ተሰማ። «77! 77!» ሮጬ ሄድኩ። በግራ በኩል እውነትም 77 ይላል፤ ከፊቱ የማኅተሙ ጥቁር ቀለም ተኝቷል። ልቤ መምታቱን አልክድም። «ቀኙንስ አየሽው?» አልኳት። ቀና አድርጋ መብራት ሥር ያዘችው። በቀኝ በኩል ቁጥሩ ጠርቶ ይታያል። 177። ከርካሾቹ አንዱ። ለካ ይህ የልጅ ስህተት ብቻ አይደለም፤ ከ177 ላይ 1ዱን ፍቀው 77 ነው ብለው ለመሸጥ የሞከሩ አጭበርባሪዎች ነበሩ። ሌባው ድሮ ከፖስታ ቤቱ 1 ፔኒ ነበር የሚሰርቀው፤ አሁን ጨረታ ቤት ገብቷል። ለዚህ ነው ውድ ቴምብር በአብዛኛው ያለ ባለሙያ ምስክር ወረቀት የማይሸጠው። የለንደኑ ሮያል የቴምብር ማኅበር ባለሙያ ኮሚቴ አለው፤ ዕቃውን አይቶ እውነተኛ፣ የተጠገነ ወይም ሐሰተኛ ይላል።

የካቲት ላይ ክለርከንዌል ያለውን የፖስታ ሙዚየም ጎበኘን። ያልተቆረጠ ሙሉ የፔኒ ብላክ ወረቀት በእጃቸው የሚገኘው እነሱ ጋ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ልጆቹ የወደዱት ባቡሩን ነው። ከ1927 እስከ 2003 ከመንገድ በታች ደብዳቤ ሲያመላልስ የኖረ ትንሽ ባቡር ነው፤ አሁን ሰው ይጭናል። እኔ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ተሳፈርኩ።

ሽያጩ ሚያዝያ ላይ ነበር። ከአልበሞቹ በአንዱ ፔኒ ብላክ ነበረች፤ አንድ። ከታች ማዕዘኖቿ ላይ ኪው እና ዲ አላት፤ ከወረቀቱ 17ኛ ረድፍ 4ኛዋ ማለት ነው። ቀዩ ማኅተም ጥሩ ነው። በሦስት በኩል ነጭ ጠርዝ አላት፤ በአራተኛው ግን የድሮው ሰው መቀስ ሥዕሉ ውስጥ ገብቷል። «ትሸጥ» ወይስ «ትቀመጥ» ብለን ድምፅ ሰጠን። 8 ለ6፣ ትሸጥ አሸነፈ። የተሸነፉት 6ቱ ዛሬም ያነሱታል።

ልጆቹ ካታሎጉን አይተው ደስ ብሏቸው ነበር። የካታሎግ ዋጋ ግን ለንጹሕ ዕቃ፣ አራቱም ጠርዝ ላለው ነው። ጨረታ ቤቱ ለኛዋ የሰጠው ግምት ከ40 እስከ 60 ፓውንድ ሆነ። «ለአንድ መቀስ!» አለ ሚስኮሉ ልጅ። ለማጽናናት ሌላ ታሪክ ነገርኳቸው። በ2021 ሶዘቢስ ከመጀመሪያዎቹ ፔኒ ብላኮች አንዷን፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1840 የሚል ቀን በሰፈረበት ሰነድ ላይ እንደተለጠፈች፣ ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን ፓውንድ ገምቶ አቀረበ። ሳትሸጥ ተመለሰች። ጨረታ እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰው ካልፈለገው ዋጋ የለም።

ከአራት ልጆችና ከሁለት ወላጆች ጋር ሄደን ከኋላ ተቀመጥን። ልጆቹ የጠበቁት ፊልም ላይ የሚያዩትን ነው። አዳራሹ ውስጥ ግን 6 ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው ሻይ በቴርሞስ ይዘዋል። ሌላው ተጫራች በሙሉ በኢንተርኔት ነው። አጫራቹ ፋታ አይሰጥም፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይመጣል። የኛ ተራ ሲደርስ ቀድሞ በጽሑፍ የቀረበለትን ዋጋ ይዞ በ38 ጀመረ። 40፣ 42፣ 45። ኢንተርኔቱ ቆመ። ቴርሞስ ያላቸው ሽማግሌ እስክሪብቷቸውን ቀና አደረጉ። 48። 50። አንድ ሰው ከስክሪኑ ጀርባ 55 አለ። ሽማግሌው «በቃኝ» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። መዶሻው ጠረጴዛውን ነካ አደረገ። ከ20 ሰኮንድ አይበልጥም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የሂሳብ ክፍል ሆነ። ከ55 ፓውንድ ላይ ጨረታ ቤቱ ከኛ 15 በመቶ ኮሚሽን ወሰደ፣ በኮሚሽኑ ላይ 20 በመቶ ቫት። የደረሰን 45.10 ነው። ገዢው ደግሞ 20 በመቶ ጨምሮ፣ በጭማሪው ላይ ቫት ከፍሎ፣ 68.20 አወጣ። «23 ፓውንዱ የት ገባ?» ብለው ጮኹብኝ፣ እኔ የበላሁት ይመስል። አዳራሹ ኪራይ አለው፣ ካታሎጉ ይታተማል፣ ባለሙያው ይከፈለዋል ብዬ አስረዳሁ። አንዷ ልጅ ስታድግ አጫራች ለመሆን ወስናለች።

በ45.10ሩ ምን እንግዛ በሚለው ላይ ግን ጸብ አልነበረም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልቆ ኤርትራ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ሳለች፣ ከ1948 ጀምሮ፣ የእንግሊዝ ቴምብር ላይ «ቢ ኤም ኤ ኤርትራ» (የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር፣ ኤርትራ) የሚል ጽሑፍ እየተመታበት ይሸጥ ነበር። የንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ፊት ያው ነው፤ የ1 ፔኒዋ ላይ ግን 10 ሳንቲም ይላል። ከእነዚህ ያገለገሉ 9 አገኘን። የክበቡ የመጀመሪያ ግዢ ናቸው፤ ለውጡን ለአዲስ አልበምና ለወረንጦ አዋልነው።

የዓመቱ መዝጊያ ኤግዚቢሽን ላይ ከልጆቹ የአንዱ አያት ጠረጴዛችን ጋ መጥተው ቆሙ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት አስመራ ነው። ልጁ አጉሊ መነጽሩን ሰጣቸው። ቀስ ብለው ማኅተሙ ላይ ያሉትን ፊደላት አንድ በአንድ አነበቡ። ኤ፣ ኤስ፣ ኤም። ከዚያ መነጽሩን አወረዱና፣ ያኔ ፖስታ ቤቱ የነበረበትን መንገድ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ለልጁ ይሥሉለት ጀመር። ቡናው ቀዝቅዞ ሌላ ተቀዳላቸው። እሱም ቀዘቀዘ።

በመጪው ዓመት የምንገናኘው ቅዳሜ ከአማርኛ ክፍል በኋላ፣ በዚያው ክፍል ነው። አሮጌ ቴምብር ቤታችሁ ካለ ከነፖስታው አምጡልን። አትቁረጡት። ውሃም አታስነኩት።