በሰው ክፍል ምትክ ሆና ለምታስተምር ልጄ

ደሴ፣ ኅዳር

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። የጦሳ ብርድ ዘንድሮም አልራራልንም፤ አንቺ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ በመሆንሽ እናትሽ ደስ ብሏታል።

ሐሙስ ማታ በስልክ የነገርሽኝን ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትኩ። በስልክ የተባለ ይረሳል፣ የተጻፈ ግን ተመልሶ ይነበባል ብዬ ወረቀት ያዝኩ። የወሊድ ፈቃድ በወጡት መምህርት ምትክ በያዝሽው ክፍል፣ አንድ ልጅ ዴስክ እየደበደበ ክፍሉን ሲያስቅ "ውጣ" ብለሽ ወደ ቢሮ ላክሽው። ብዙም ሳይቆይ ያለ አንድ ቃል፣ ያለ አንድ ብጣሽ ወረቀት ተመልሶ ገባ። በዴስኮቹ መካከል እየተንጎማለለ ሄዶ ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ ክፍሉ ሁሉ አንገቱን አዙሮ አንቺን ማየት ጀመረ። "አባዬ፣ ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን የሰማኝ የለም" ነው ያልሽኝ። ክፍሉ ከእጅሽ የወጣው ያን ጊዜ ነው፤ ያስወጣብሽም ቢሮው ነው።

አባት ስለሆንኩ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም እንዲህ የምልሽ። ዩኒት ሊደር፣ ማለትም የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተል ኃላፊ፣ ሆኜ ስሠራ እንዲህ ተባርረው የሚመጡ ልጆችን ስቀበል ኖሬአለሁ። ልጁ በሩን አንኳኩቶ ሲገባ መጀመሪያ የሚያነበው የኃላፊውን ፊት ነው። "ደግሞ ምን ሆንክ? በል ተመለስ" ከተባለ፣ መምህርቷ ብቻዋን እንደሆነች እዚያው ቆሞ ይረዳል፤ ለጓደኞቹም ይዞላቸው የሚመለሰው ዜና ይኸው ነው።

ተማሪ ሞኝ አይደለም። መምህርታቸው የወሊድ ፈቃድ ላይ እንዳሉና እንደሚመለሱ ያውቃል። ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣቸዋል፤ ልጆቹ ይህን ቀን አጥብቀው ይቆጥሩታል። ከዚያ አንድ ነገር ያጣራሉ፤ ውጤት የምትሞላው ይህች ናት ወይስ የድሮዋ ሲመለሱ? የተከታታይ ምዘናው መዝገብ በእጅሽ እንደሌለ ካወቁ የቤት ሥራ የሚሠራልሽ የለም። አንቺም መዝገቡ ገና አልተሰጠኝም ብለሽኛል፤ ይህ ፈጽሞ መሆን የሌለበት ነው። የግል ትምህርት ቤት ስለሆነ ውልሽ የሚገዛው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 10 በፈቃድ ወይም በሕመም ከሥራ የተለየን ሰው ለመተካት ለተወሰነ ጊዜ መቅጠርን ይፈቅዳል። የተወሰነው ጊዜው ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሙሉ መምህርት ነሽ።

እኛ በመንግሥት ትምህርት ቤት ስንሠራ ምትክ የሚባል ሰው አይመጣልንም ነበር፤ የቀረውን መምህር ክፍል ክፍት ጊዜ ያለው ይይዝለታል። በ2014 ዓ.ም. የደሴ ትምህርት ቤቶች ከሰሜን ወሎ ለተፈናቀሉ ወገኖች መጠለያ ሆነው፣ ከዚያም ጦርነቱ ከተማችን ደርሶ ከርሞ፣ በኋላ በራቸው ሲከፈት አንቺም ታስታውሻለሽ። ያልተመለሰ መምህር ነበር፤ ልጆቹም ያዩትን አይተው የመጡ ናቸው። ጣሪያ ሲንኳኳ የሚደነግጥ ልጅ የተቀመጠበትን ክፍል፣ የእኔ ባልሆነ ትምህርት ገብቼ ይዣለሁ። ያ ሁሉ የተቻለው ርዕሰ መምህሩ በየክፍሉ አብረውን እየገቡ "ዛሬ መምህራችሁ እሳቸው ናቸው፤ የእሳቸው ቃል የእኔ ቃል ነው" ይሉ ስለነበር ነው። ደቂቃ አይፈጅም። ወጪም የለውም። ለአንቺ ይህን ያለልሽ ሰው አለመኖሩ እስካሁን ያናድደኛል።

ስለዚህ ሰኞ ከሰንደቅ ዓላማው በኋላ ምክትል ርዕሰ መምህሩን ለብቻቸው አግኚያቸው። ስሞታ አታብዢ። ክፍሉ ድረስ መጥተው እንዲያስተዋውቁሽ፣ የውጤት መዝገቡም በተማሪዎቹ ፊት እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ከዚያ ዋናውን አንሺ። የትኛውን ጥፋት አንቺ ክፍል ውስጥ እንደምትጨርሺው፣ የትኛው ወደ ቢሮ እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ተስማሙ። መረበሽና የቤት ሥራ አለመሥራት የአንቺ ይሁን፤ ድብድብና ስድብ የእነሱ። የሚላክ ተማሪ ማስታወሻሽን ይዞ ይሂድ፤ ሲመለስም ዩኒት ሊደሩ ይዘውት ይምጡ፣ ወይም ምን እንደተወሰነ ጽፈው ይላኩልሽ። ባዶ እጁን አይመለስ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ልጆቹ እንደሚቁነጠነጡ ነግረሽኛል፤ በዚያ ሰዓት ዩኒት ሊደሩ በመስኮቱ በኩል እንዲያልፉ ለምኛቸው። ማለፋቸው ብቻ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ተዪ። ክፍል አለቃውን ሰሌዳ ላይ የረባሾች ስም ማስጻፉን። ስም የሚጽፍ ልጅ በእረፍት ሰዓት የሚደርስበትን አውቃለሁ፤ እስክሪብቶ ተቀብሎ ስም የሚያጠፋም አለ። የአንቺን ሸክም በአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ አታድርጊው። ይልቅ የክፍሉን ኃላፊ መምህር የአቀማመጥ ዝርዝር ጠይቂያቸው፤ በስሙ የተጠራ ልጅ ግማሽ መንገድ ይመለሳል።

ዱላ ደግሞ በምንም ምክንያት አታንሺ፤ ማንበርከክም ያው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። "ወላጅ አምጣ" ብለሽው የሚመጣ አባት "ቅጪልኝ፣ ዓይኑን ብቻ ተይልኝ" ይልሽ ይሆናል። በትሕትና እምቢ በዪው፤ ከዱላው ይልቅ ማታ ማታ ደብተሩን እንዲያይልሽ ጠይቂው።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ እምቢ ቢሉሽስ? አብሽሪ፣ መንገድ አለ። የልጆቹን መምህርት አራስ ጥየቃ ሄደሻል? ካልሄድሽ ሂጂ፣ ወጉም ነው። ገንፎው ቀርቦ ስትጨዋወቱ ስለ ልጆቹ ጠይቂያቸው፤ የትኛው በቁጣ እንደሚብስበት፣ የትኛው በአደራ እንደሚለወጥ እሳቸው ያውቃሉ። ሥራ አታሸክሚያቸው፤ ለክፍሉ ሁለት መስመር ሰላምታ ብቻ በእጃቸው ይጻፉልሽ፣ ክፍሉን ለአንቺ አደራ እንደሰጡም ይጨምሩበት። እሱን ቆመሽ አንብቢላቸው። ከልጆቹ ሁሉ መጀመሪያ ግን ስለዚያ ዴስክ ስለሚደበድበው ልጅ ጠይቂያቸው።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ የሚሉሽን ሰኞ ማታ ደውለሽ ንገሪኝ። ቅዳሜ ስትመጪ የትምህርት ቤቱን የተማሪዎች መተዳደሪያ ደንብ ይዘሽልኝ ነይ፤ ምትክ መምህርን የሚመለከት አንቀጽ ካለው አብረን እናያለን፣ ከሌለውም የሚገባበትን ቃል አርቅቀን ለወላጅ መምህር ኅብረቱ ታቀርቢያለሽ። በሐረጎ ዳገት ስትወጪ እንዳይመሽብሽ።

አባትሽ