ውሃው ሳይሄድ «ውሃው ሄዷል» ማለት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በቅርቡ ስለ ቤት ኢንተርኔት ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ጸሐፊው፣ አቅራቢዎች የፋይል መጋሪያ ፕሮግራሞችን ሆን ብለው ቢያዘገዩ የሚጎዱት ፊልምና ዘፈን የሚሰርቁ ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ጠቅሰው ነገሩን በአንድ መስመር ዘግተውታል። እኔ አሜሪካ ስኖር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ፊልም ሰርቄ አላውቅም። ሆኖም ያ መዘግየት በቤቴ ገብቶ ነበር፤ ወይም የገባ ይመስለኛል። ይህችን «ይመስለኛል» የምትል ቃል ልብ በሉልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ እሷ ናት።

አጎቴ ከማረፋቸው በፊት ቤታቸው ተቀምጠው በገና እየደረደሩ የቀረጿቸው አሥራ አንድ ካሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 እነዚያን ካሴቶች በአሮጌ ቴፕ እያጫወትኩ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኳቸው። በአንዱ ላይ ዶሮ ይጮኻል፤ በሌላው ላይ ሰውዬው ገና ግጥሙን ሳይጨርሱ ከጓዳ «ቡናው ፈልቷል» የሚል የአክስቴ ድምፅ ይሰማል። ያንን ቆርጦ ለመጣል እጄ እምቢ አለኝ። ድምፁም እንዳይጎዳ ሳልጨምቅ ስለገለበጥኩት ፋይሉ ስድስት ጊጋባይት አለፈ። ስቶክሆልም፣ ቴል አቪቭና ዳላስ ያሉት ዘመዶቼ ሁሉ ይፈልጉታል፤ በኢሜይል ደግሞ የሚላክ ዕቃ አይደለም። አንዱ የወንድሜ ልጅ ቢትቶረንት የሚባለውን የፋይል መጋሪያ ፕሮግራም ያሳየኝ ያኔ ነው። ፋይሉ ይቆራረጥና ስቶክሆልም የደረሰው ቁራጭ ከእኔ ሳይጠበቅ ከስቶክሆልም ወደ ቴል አቪቭ ይሄዳል፤ እንደ ደቦ ሥራ ነው፤ ሸክሙ በሁሉም ትከሻ ላይ ይከፋፈላል።

ማታ አስጀምሬ እተኛለሁ፤ ጧት ስነሳ አራት በመቶ ላይ ቆሟል። በማግስቱም እንዲሁ። ስልኬ ይጮኻል፣ «ኧረ ቆመ እኮ» ይሉኛል ከስቶክሆልም። ገመዱን ቀየርኩ። ሞደሙን ቀየርኩ። አቅራቢዬ ዘንድ ደወልኩ (ከዚህ በታች ስሙን የማነሳው ትልቁ ድርጅት አልነበረም)፤ ስልኩን ያነሳው ልጅ በትሕትና ኮምፒውተሬን አጥፍቼ እንዳበራው መከረኝ። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ። የሚገርመው ሌላው ሁሉ ይሠራ ነበር። ድረ ገጹ ይከፈታል፣ ቪዲዮው ይጫወታል፣ ደብዳቤው ይደርሳል። ቆሞ የሚቀረው የአጎቴ በገና ብቻ ነው። በመጨረሻ ጥፋቱ የእኔ አለማወቅ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

በዚያው ዓመት ኦሪገን ውስጥ የሚኖር ሮብ ቶፖልስኪ የሚባል የሶፍትዌር ፈታሽ ባለሙያ ያው ነገር ገጠመው። እሱ ግን እንደኔ ገመድ በመቀየር አላቆመም፤ ከኮምፒውተሩ የሚወጣውንና የሚገባውን መልእክት አንድ በአንድ መዝግቦ አየው። የሚያጋራው ነገር ምን መሰላችሁ? ባርበርሾፕ የሚባለው፣ አራት ሰዎች ያለ ሙዚቃ መሣሪያ በኅብር የሚያዜሙት፣ የቅጂ መብቱ ዘመን ያለፈበት የድሮ ዜማ ነበር። ጥቅምት ውስጥ ደግሞ አሶሺየትድ ፕሬስ የሚባለው የዜና ወኪል ትልቅ የአሜሪካ የኢንተርኔት አቅራቢ በሆነው በኮምካስት መስመር ላይ የራሱን ሙከራ አደረገ። ለሙከራው የመረጠው ፋይል የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ጭራሽ አልተሳኩም፤ ሦስተኛው ከአሥር ደቂቃ መጓተት በኋላ ጀመረ። እንግዲህ የጽሑፋችሁ «ሌቦች» እነማን እንደሆኑ አንባቢ ይፍረድ።

አሠራሩን ላብራራው፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ሁለት ኮምፒውተሮች ሲገናኙ አንዱ በቃኝ ካለ ለሌላው ግንኙነቱን ዝጋ የሚል አጭር መልእክት ይልካል። የኮምካስት መሣሪያ፣ ሳንድቫይን ከሚባል የካናዳ ድርጅት የተገዛው፣ በመሀል ቆሞ ያንን መልእክት ራሱ ይጽፍ ነበር። ለአንደኛው ከሁለተኛው የመጣ አስመስሎ፣ ለሁለተኛውም ከአንደኛው የመጣ አስመስሎ። ደብዳቤ አድርስ ተብሎ የተላከ ሰው መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ በላኪው የእጅ ጽሑፍ «ከእንግዲህ አትጻፍልኝ» የሚል ወረቀት ቢጨምርበት ምን ትሉታላችሁ? ደብዳቤ አዘገየ አትሉም።

ለድርጅቶቹም ፍርድ አላጓድልም። ችግራቸው እውነተኛ ነበር። በኬብል ቴሌቪዥን መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ሰፈሩ በጋራ የሚቀዳው ነው፤ በተለይ ከቤት ወደ ውጭ የሚላክበት ቧንቧ ቀጭን ነበር፤ ቢትቶረንት ደግሞ ሌት ተቀን የሚልክ ፕሮግራም ነው። እኔ ባደግሁበት ሰፈር አንድ ቦኖ ነበር። እናቶች ጄሪካን ይዘው ተሰልፈው ሳለ አንዱ ባለ ጋሪ ሁለት በርሜል አስጠግቶ ቱቦውን ሲዘረጋ ሰልፉ ሁሉ ይንጫጫል። ጠባቂው ጋሼ «አንተ ቆይ፣ ጄሪካኖቹ ይቅደሙ» ቢሉት ማንም አይከፋውም፤ ባለ በርሜሉ ራሱ ቢያጉረመርምም ይገባዋል። የሚያስከፋው ሰልፍ በሌለበት ሰዓት እንኳ ባለ በርሜሉ ሲመጣ ቁልፉን አዙረው «ውሃው ሄዷል» ቢሉት ነው። ሰውዬው ወደ ቤቱ ተመልሶ ሲጠማ ያድራል፤ ማንን እንደሚከስ አያውቅም፤ ቧንቧ ተሰብሮ ይሆናል ይላል። የእኔ ሞደም መቀየር እንግዲህ እሱ ነው።

ጉዳዩ የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ የሆነው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ዘንድ ሲደርስ፣ በየካቲት 2008 ሃርቫርድ ላይ በተካሄደው የሕዝብ ስብሰባ ኮምካስት ወንበር እንዲይዙለት ሰዎችን በገንዘብ ቀጥሮ ነበር፤ ኋላም አምኗል። (ወረፋ ማስያዝ የእኛ አገር ጥበብ ብቻ ይመስለኝ ነበር።) ኮሚሽኑ በነሐሴ 2008 ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ አሠራሩ ስህተት ነው አለ። ኮምካስትም ያንን ትቶ ሌላ ዘዴ ያዘ፦ ሰፈሩ ሲጨናነቅ ብቻ፣ የትኛውንም ፕሮግራም ሳይለይ፣ በዚያች ሰዓት ብዙ የተጠቀመውን ቤት ለጥቂት ደቂቃ ከወረፋው ኋላ ያሰልፍ ጀመር። አሠራሩንም ጽፎ ለሕዝብ አወጣው። በወር 250 ጊጋባይት የሚል ጣሪያም በግልጽ አስቀመጠ። ጣሪያውን መውደድ አይጠበቅብኝም፤ ግን ተጽፎ ነበር፣ ደንበኛው አንብቦ ሊስማማበት ወይም ሊተወው ይችል ነበር። ስለዚህ «ሌላ መንገድ አልነበረንም» የሚለው ክርክር በራሳቸው ሥራ ፈርሷል።

ጸሐፊው በአሜሪካ ነገሩ በሕግ ተዘግቷል ያሉትም ቢታረም። በሚያዝያ 2010 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የኮሚሽኑን ውሳኔ ሻረ። ኮምካስት ደግ ሠራ ብሎ አይደለም፤ ኮሚሽኑ ለዚህ ሥልጣን የለውም ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ አቅራቢዎች ፕሮግራም እየለዩ እንዳያዘገዩ የሚከለክለው ደንብ በ2015 ወጣ፣ በ2017 ተሻረ፣ በ2024 ተመለሰ፣ በጥር 2025 ደግሞ ሲንሲናቲ ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንደገና ጣለው። አስተዳደር በተቀየረ ቁጥር ሕጉ ከመደርደሪያ ይወርዳል፣ ይወጣል። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ክፍላተ ግዛት የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባወጣው ደንብ ግን አቅራቢው መስመሩን እንዴት እንደሚያስተዳድርና ያም በደንበኛው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በውሉ ላይ እንዲጽፍ ግዴታ ተጥሎበታል። ስቶክሆልም ያለችው ዘመዴ ዛሬ ፋይሏ ቢቆም የምትገልጠው ወረቀት አላት። እኔ ያኔ የነበረኝ ኮምፒውተሬን አጥፍቼ እንዳበራ የሚነግረኝ የስልኩ ልጅ ብቻ ነበር።

ይህን ለአዲስ አበባ አንባቢ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮም አቅራቢው አንድ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቤታቸው የኢንተርኔት መስመር የሚያስገቡ ቤተሰቦች እየበዙ ነው፤ የሠርግ ቪዲዮ፣ የጥምቀት ፎቶግራፍ፣ የሥራ ሰነድ ይላላካሉ። ማስታወቂያው ላይ «ያልተገደበ» የሚል ቃል ስትመለከቱ ውሉን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፦ የትኛው አገልግሎት፣ በየትኛው ሰዓት፣ ስንት ከተጠቀምኩ በኋላ ይቀንሳል? ጋዜጣችሁም ይህንኑ ጥያቄ ለአቅራቢዎቹ ቢያቀርብና መልሱን፣ መልስ ከሌለም ዝምታውን ቢያትም ከአንድ መስመር ፍርድ የተሻለ አገልግሎት ይሰጠናል።

የአጎቴ ካሴቶች በመጨረሻ በዲቪዲ ተገልብጠው፣ ለገና ወደ ስቶክሆልም በምትሄድ የጎረቤቴ ልጅ ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ተጓዙ። በሦስተኛው ቀን ደረሱ። የአክስቴም «ቡናው ፈልቷል» ሳይቆረጥ አለበት።

የቆየ አንባቢያችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ