ማጉያው የማን ነው? የሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ዜና አንብቧል፣ በዕረፍት ሰዓት የጥያቄና መልስ ውድድር አካሂዷል፣ ግጥም አሰምቷል። ይህን ሁሉም ስለሰማው አልደግመውም። ሊተረክ የሚገባው በኅዳር ወር የድምፅ ማጉያችን ከተቃጠለ በኋላ የተነሣው ክርክር ነው።

አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ የሱቁ ስም በየጠዋቱ ከተጠራ ሙሉ ወጪውን እንደሚሸፍን ቃል ገባ። ልጆቹ ፈነደቁ። ደስታቸው የቆየው በብቸና ገበያ ስለ ናረው የደብተር ዋጋ ያዘጋጁትን ዘገባ ሰምቶ «ይህስ ይቅር» እስኪላቸው ድረስ ነው። አንቀበልም አሉት። ኋላ ትምህርት ቤቱ ከውስጥ ገቢው ገዛልን፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ስለ መጸዳጃ ቤቱ የውሃ እጦት የጻፉት «ለጊዜው ይቆይ» ተባለ። (ርዕሰ መምህራችን ይህን መጽሔት ከመታተሙ በፊት እንደሚያነቡት አውቃለሁ፤ የሆነው ግን ይኸው ነው።)

ልጆቹ የሕዝብ ጣቢያዎች በማን ገንዘብ ይኖራሉ ብለው መጠየቅ የጀመሩት ያኔ ነው። በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የሚያይ ቤተሰብ ለቢቢሲ በየዓመቱ ይከፍላል፤ ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2025 174 ፓውንድ ተኩል ደርሷል። ጀርመን ከ2013 ጀምሮ መሣሪያ መቁጠሩን ትታ በየቤቱ ታስከፍላለች፤ የመንግሥት ድጎማ የሚያገኙ ድሆች ማመልከቻ አቅርበው ከክፍያው ነጻ ይሆናሉ። ፈረንሳይ በ2022 ክፍያውን ሰርዛ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ትሰጥ ጀመር። በአሜሪካ ደግሞ ምክር ቤቱ ለሕዝብ ጣቢያዎች አስቀድሞ የፈቀደውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር በ2025 መልሶ ነጠቀ። ይህን ስነግራቸው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ በጀት ማለት ብድር ነዋ!» አለች። ባሕር ዳር ያለው የክልላችን ሚዲያ ኮርፖሬሽን ተጠሪነቱ ለክልሉ ምክር ቤት መሆኑን ሲሰሙ ጥያቄው በረታ፤ ደወሉ ባይደወል ኖሮ ምን ልመልስ እንደነበር እንጃ።

«ቴሌግራም እያለ ሬዲዮ ለማን ነው?» ያሉም ነበሩ፤ አብዛኞቹ የከተማ ልጆች ናቸው። በየቤታቸው ጠይቀው እንዲመጡ አዘዝኳቸው። ከገጠር ቀበሌ የሚመጡት ይዘውት የመጡት መልስ ክርክሩን አዞረው፤ መብራትና ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ሬዲዮ ይናገራል፣ አባቶች የዝናቡንና የማዳበሪያውን ወሬ ከእርሱ ይጠብቃሉ። ጤፍ አምራች ገበሬ ለማስታወቂያ ከፋይ የሚያጓጓ ደንበኛ አይደለም። ለእርሱ የሚሠራ ጣቢያ በማስታወቂያ ብቻ ይኖራል ብዬ አላምንም፤ አንድ ቢሮ ብቻ ከከፈለለትም የገበሬውን አቤቱታ ማሰማት ይከብደዋል። ከብዙ ኪስ ጥቂት ጥቂት መሰብሰቡ ይሻላል ባይ ነኝ።

ክበቡም ይህንኑ መረጠ። እያንዳንዱ ተማሪ በመንፈቀ ዓመት 5 ብር ያዋጣል፣ ያልቻለ አይጠየቅም። ገንዘቡን ተማሪዎች የመረጡት ኮሚቴ ይይዛል፤ ርዕሰ መምህሩ አንድ ድምፅ አላቸው። የመጸዳጃ ቤቱ ዘገባ በግንቦት ተነበበ። የተረፈው ገንዘብ ለአዲስ ማይክሮፎን ገመድ ተቀምጧል፤ አሮጌው ዜና መሐል እየተቋረጠ አስቸግሮናል።