የሚዛን ማታለያዎችን በግልጽ የምንለጥፍበት ምክንያት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ጅማ በሚገኘው የሚዛን ሽያጭና ጥገና ሱቃችን በር ላይ ሚዛን የሚዛባባቸውን መንገዶች ዘርዝረን በመለጠፋችን ቅር የተሰኛችሁ አላችሁ። «ሌባ እያስተማራችሁ ነው፤ አንሱት» ብላችሁናል። አናነሳውም።

ሚዛን የሚያዛባ ሰው ዘዴውን ድሮም ያውቀዋል። የማያውቀው ከጎማና ከማና ወረዳዎች ጀንፈሉን (ከነገለባው የደረቀ ቡናውን) ጭኖ የሚመጣው ገበሬ ነው። ካዚኖዎችም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ ዳይስ (ስድስት ገጽ ያለው የቁማር መጣያ) ውስጥ ክብደት መደበቅ የታወቀ ማታለያ በመሆኑ የካዚኖ ዳይስ ውስጡ እንዲታይ ተደርጎ ይሠራል፣ መለያ ቁጥርም ይታተምበታል። ማታለያው ሲታወቅ ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ ጠባቂ ይሆናል።

የእሸት ቡና ግዢ ስለደረሰ ዋናዎቹን እዚህም እንጻፋቸው።

ቀላሉ ዜሮን ማዛባት ነው። 2 ኪሎ የሚመዝን ጣውላ ሚዛኑ ላይ እንዳለ መዛኙ የዜሮውን ቁልፍ ይጫንና ጆንያው ሲወጣ ጣውላውን ያነሳዋል። 60 ኪሎ የነበረው 58 ይላል። ጆንያው ሲወርድም ማሳያውን አንብቡ፤ ከዜሮ በታች 2 ያሳያል። መዛኙ ቶሎ ዜሮ ከነካ ግን ሁለት ጆንያ ለየብቻ፣ ከዚያም አንድ ላይ አስመዝኑ። ለየብቻ 58 እና 58 ብሎ አንድ ላይ 118 ካለ ዜሮው ተነካክቷል።

ከባዱ ልኬቱን መቀየር ነው። ሚዛኑ ሲስተካከል 22 ኪሎ ብረት ተጭኖበት «ይህ 20 ነው» ከተባለ፣ 100 ኪሎ ቡና 91 ገደማ ይሆናል። ባዶውን ዜሮ ይላል፣ የጆንያዎቹም ድምር ይገጥማል፤ ስለዚህ ክብደቱ የተረጋገጠ ብረት ከሌለ አይያዝም። በሪሞት የሚዛባ ደግሞ ጠዋት ሲፈተሽ ትክክል ሆኖ ቡናው ሲወጣ ከየኪሎው ሊቀንስ ይችላል። በዚህ ምክንያት አጥብቀን የምንመክረው፣ ጆንያው ሚዛኑ ላይ እንዳለ 20 ኪሎ ብረት መጨመርን ነው። ንባቡ ልክ በ20 ካልጨመረ ግዢው ይቁም። ውሃ የሞላ ጀሪካን ብረቱን አይተካም፤ «20 ሊትር» የሚባለው እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ያልፋል፣ የጀሪካኑም ክብደት አለ።

ብረቱ 20 ሳይል ሲቀር ግን ሁሌም ሌብነት አይደለም። የቡና ገለባና ጭቃ በመጫኛው ሳህንና በእግሮቹ መካከል ሲጠቀጠቅ ክብደቱን ይሸከማል፤ ጆንያው ግድግዳ ሲደገፍም፣ ሚዛኑ ሲያዘምም ንባቡ ይቀንሳል። መጀመሪያ ጥረጉ፣ የውሃ ልኩን አረፋ መሃል አምጡ፣ ብረቱን በአራቱም ማዕዘን እያስቀመጣችሁ ድገሙት።

የማንለጥፈው አንድ ነገር አለ፦ የየሚዛኑን የልኬት ማስተካከያ መክፈቻ ኮድ። ለመፈተሽ ኮዱ አያስፈልግም፤ ልኬቱን ለመቀየር ግን ያስፈልጋል። ማታለያን ማውጣት የሚጠቅመው ገዢም ሻጭም እዚያው ቆሞ ሊፈትሸው ሲችል ነው፤ መፈተሻ የሌለው ወሬ ሐቀኛውን ነጋዴ ብቻ ያስጠረጥራል።

መፈተሻ ብረት የሌላችሁ ከሱቃችን መዋስ ትችላላችሁ። ብረቱን አትጣሉት፣ አትቀቡት፣ ከዝገትም ጠብቁት፤ ክብደቱ ይለወጣል።

ከአክብሮት ጋር
የሚዛን ሽያጭና ጥገና ሱቁ፣ ጅማ